ፓፓራዚ ማለት ሙገሳ አይደለም

ባለፈው አንድ ሰርግ ላይ ካሜራ የያዘውን ልጅ ሁሉም "የኛ ፓፓራዚ" እያለ ሲጠራው ነበር፣ እሱም ደስ ብሎት ይስቃል። ልጁ እኮ ተከፍሎት፣ ሙሽሮቹን "ቀና በሉ፣ ወደዚህ እዩ" እያለ ነው የሚያነሳው። ፓፓራዚ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፣ ማንም ያልጠራው፣ አታንሳኝ ሲባል ጭራሽ የሚብስበት ሰው።

ቃሉ የመጣው ከጣሊያን ፊልም ነው። ፌዴሪኮ ፌሊኒ በ1960 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ላ ዶልቼ ቪታን ሲያወጣ ዋናው ገፀ ባህሪ ማርቼሎ የሚባል የዝነኞች ወሬ ጋዜጠኛ ነበር፣ አብሮት እየዞረ ፎቶ የሚያነሳው ደግሞ ፓፓራዞ ይባላል። የአንድ ሰው ስም ነው በቃ። ሲበዙ በጣሊያንኛ ፓፓራዚ ይሆናል፣ ስለዚህ እኛ "ፓፓራዚዎች" ስንል የበዛውን እንደገና እያበዛነው ነው፣ ልክ "መላእክቶች" "ሊቃውንቶች" እንደምንለው። ይሄ እንኳን አያስከፋኝም፣ ማኪያቶንም ፒያሳንም የራሳችን ያደረግን ሰዎች ነን።

ስሙን ከየት አመጡት ለሚለው፣ ከፊልሙ ጸሐፊዎች አንዱ ኤኒዮ ፍላያኖ እንዳለው ጆርጅ ጊሲንግ የሚባል እንግሊዛዊ በ1901 ካሳተመው የደቡብ ጣሊያን የጉዞ መጽሐፍ ነው፣ እዚያ ውስጥ ካታንዛሮ ከተማ ሆቴል ያለው ፓፓራዞ የሚባል ሰው አለ። ከፎቶ ጋር ምንም የማያገናኘው ሰው ነው፣ እንግዶቹ ሌላ ቦታ ሄደው እንዳይበሉ ከመለመን ውጪ። ፌሊኒን የሳበው ግን ድምፁ ነው፣ ጆሮ ስር ጥዝ እያለ የሚዞርና የሚናደፍ ነፍሳት ነው ያስታወሰው።

ገፀ ባህሪው ደግሞ ከአየር የመጣ አይደለም። ሮም ውስጥ ቪያ ቬኔቶ የሚባል የካፌ መንገድ አለ፣ በ50ዎቹ የፊልም ሰዎች የሚያመሹበት፣ እዚያ ታዚዮ ሴኪያሮሊና ጓደኞቹ ማታ ማታ በፍላሽ ያድኑ ነበር። በኦገስት 1958 አንድ ማታ ከስልጣን ወርዶ ሮም በስደት የሚኖረው የግብፁ ንጉስ ፋሩክ ካፌ ቁጭ ባለበት መጡበት፣ ተናዶ ተነሳባቸው፣ እሱንም አነሱት። ነገሩ የገባኝ እዚህ ጋ ነው፣ ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣ ሰው ፎቶ ብዙ አያወጣም፣ የተናደደ ሰው ፎቶ ግን በውድ ይሸጣል፣ ስለዚህ ሰውየው እስኪናደድ መነካካት ራሱ ስራ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ድንበር ተሻገረ። ኒውዮርክ ላይ ሮን ጋሌላ የሚባለው ፎቶ አንሺ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሚስት የነበረችውን ዣክሊን ኬኔዲን ለአመታት ተከታትሏል፣ ትንሹ ልጇ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ሳይክል ሲነዳ ፊቱ ዘሎ እስከመግባት ደርሷል፣ በመጨረሻ ነገሩ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1973 ይግባኝ ሰሚው ወደ እሷ ከ25 ጫማ በላይ እንዳይጠጋ ወሰነ። 25 ጫማ እኮ ሰባት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ እሱንም ቢሆን በፍርድ ቤት ነው ያገኘችው።

የእንግሊዟ ልዕልት ዲያና በመኪና አደጋ የሞተችበትን ደግሞ ሁሉም ያስታውሳል፣ ኦገስት 31 ቀን 1997፣ ፓሪስ፣ የአልማ ዋሻ። ሹፌሩ ጠጥቶ ነበር፣ ይሄ መነገር አለበት፣ ግን በ2008 የእንግሊዝ ዳኞች ሸንጎ ከሹፌሩ ጋር ሲያሳድዷቸው የነበሩትን ተሽከርካሪዎችም ጭምር ነው ተጠያቂ ያደረገው። እሷ መኪናው ውስጥ ተጎድታ እያለችም ፎቶ ሲያነሱ የነበሩ ነበሩ።

ይሄን ሁሉ የምለው ነገሩ እኛም ጋ ስላለ ነው። አንድ አርቲስት ሲሞት ቀብሩ ላይ የሚሆነውን ያየ ያውቀዋል፣ አልቃሹና ስልክ የደገነው እኩል ነው፣ ሬሳው ሳይገባ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ይወጣል። እናት ከማይክ እጅ ለማምለጥ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስትጎትት፣ ስልኩን ዝቅ አድርጎ ከስር ሊቀርፃት የሞከረ ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ማንም አልከለከለውም፣ እኔም ጭምር። ፓፓራዚ የሚለው ስም የሚገባው ለሱ ነው፣ የሰርጉን ልጅ ግን እባካችሁ ፎቶ አንሺ በሉት።