መጽሔቱን ገድለው ቪዲዮ ሰጡን

የአንድ መኪና ፍሬን በምን ያህል ርቀት እንደሚይዝ ለማወቅ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ቪዲዮ መመልከት ለምን ግዴታ እንደሆነብኝ የሚያስረዳኝ ሰው አጣሁ። ቪዲዮው ላይ አንድ ወጣት በመጀመሪያ ላይክና ሰብስክራይብ እንዳደርግ ይለምነኛል፤ ቀጥሎ ከመኪና ጋር ምንም የማይገናኝ ዕቃ ያስተዋውቀኛል፤ በመጨረሻም መኪናውን በሠፈር መንገድ እያንሸራሸረ «ፍሬኑ በጣም አሪፍ ነው» ብሎ ያልፋል። ከስንት ማይል ፍጥነት ላይ ነው የያዘው? በስንት ጫማ ርቀት ቆመ? ጎማው የየትኛው ዓይነት ነበር? ይህን የሚመልስልኝ የለም። ከሃያ ዓመት በፊት ይህንኑ ብጠይቅ ኖሮ መልሱን በአንድ የታተመ መጽሔት ውስጥ፣ በአንድ ሠንጠረዥ፣ ከተፎካካሪዎቹ መኪኖች ውጤት ጎን ተጽፎ አገኘው ነበር።

የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሲሆን በዚህ ከተማ ታክሲ ከሚነዱት ምን ያህሉ የአገሬ ልጆች እንደሆኑ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። በአውሮፕላን ማረፊያው ሰልፍ ተራችንን ስንጠብቅ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወሩት የአማርኛ ጋዜጣና የመኪና መጽሔት ነበሩ። የመጽሔቱ እንግሊዝኛ ለሁላችንም ቀላል አልነበረም፤ ቁጥሩን ግን የማያነብ አልነበረም። መኪና ለእኛ እንጀራ ነው፤ የካምቢዮ ብልሽት ማለት ኪራይ ያልተከፈለበት ወር ማለት ነው። ስለዚህ «የመኪና መጽሔት የሀብታም ልጆች መዝናኛ ነው፤ ቢጠፋስ ምን ይጎድላል?» የሚለኝን ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል።

የአሜሪካ ታላላቆቹ የመኪና መጽሔቶች የተወለዱት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ነው፤ ሮድ ኤንድ ትራክ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ሆት ሮድ በ1948፣ ሞተር ትሬንድ በ1949፣ ዛሬ ካር ኤንድ ድራይቨር የሚባለውም በ1955 በሌላ ስም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእነዚህ መጽሔቶች ያገኘነው ትልቁ ነገር የሚያማምሩት ፎቶግራፎች አልነበሩም። ካር ኤንድ ድራይቨር አንድን መኪና ሲፈትን ከቆመበት ተነሥቶ 60 ማይል በሰዓት ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ፣ ከ70 ማይል ፍጥነት ላይ ፍሬን ሲያዝ የሚቆምበትን ርቀት፣ 300 ጫማ ስፋት ባለው ክብ ሜዳ ላይ ሲዞር መንገዱን ቆንጥጦ የሚይዝበትን አቅም በመሣሪያ ይለካ ነበር፤ ዛሬም ይለካል። አንዱ መኪና ከሌላው ጋር፣ የዘንድሮው ከአምናው ጋር፣ በተመሳሳይ ዘዴ ተለክቶ በአንድ ዓምድ ሥር ይቀመጣል። ከዚህ ሁሉ እኛ ነጂዎች አብልጠን የምንወደው ግን ለ40,000 ማይል የሚዘልቀውን የረጅም ጊዜ ፈተና ነበር። አንድ መኪና በጋዜጠኞቹ እጅ ወራት ቆይቶ የት የት እንደተበላሸ፣ ስንት ጊዜ ጋራዥ እንደገባ፣ ጎማው መቼ እንደተቀየረ፣ ለእያንዳንዱ ጥገና ስንት ዶላር እንደተከፈለ ተመዝግቦ ይወጣል። በሦስት ቀን ውሰት የተነዳ መኪና እንዲህ ያለ ምስክር ሊሆን አይችልም። ማን ይናገር የነበረ ነውና።

የታተመ መጽሔት ጉልበት ምን ያህል እንደነበር ለማየት አንድ ታሪክ ብቻ ላንሣ። በ1997 ቴክኒከንስ ቬርልድ የተባለ የስዊድን መጽሔት በዚያው ዓመት ለገበያ የቀረበውን መርሰዲስ ቤንዝ ኤ-ክላስ ለፈተና አወጣው። ፈተናው ቀላል ነበር፤ በሰሜኑ አገር ደን ውስጥ በድንገት መንገድ ላይ የሚገባ ትልቅ አውሬ ሲያጋጥም ነጂው ፍሬን ሳይዝ መሪውን ወደ ግራ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ቀኝ ይጠመዝዛል። መኪናው ተገለበጠ። አምራቹ መጀመሪያ ፈተናውን ሊያጣጥል ሞከረ፤ ኋላ ግን ሽያጩን ለጊዜው አቁሞ፣ የተሸጡትን መልሶ ጠርቶ፣ ሁሉም ላይ መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረውን ኢ.ኤስ.ፒ. የተባለ መሣሪያ ገጠመ። ትንሽ ርካሽ መኪና እንዲህ ያለ መሣሪያ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይዞ መምጣቱ በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነበር። ያን ግዙፍ ድርጅት እጁን ጠምዝዞ ወደዚያ ያመጣው ባዶ አስፋልት ላይ ኮን ደርድሮ የሚፈትን መጽሔት ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ኦቶዊክ የተባለው የአሜሪካ የመኪና መጽሔት በ2019 ኅትመቱን አቆመ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሞተር ትሬንድን የሚያሳትመው ድርጅት ከ22 መጽሔቶቹ 19ኙን በአንድ ጊዜ ከኅትመት እንደሚያወጣ አስታወቀ፤ የቀሩት ሞተር ትሬንድ፣ ሆት ሮድና ፎር ዊለር ብቻ ነበሩ። ከተዘጉት መካከል በ1986 የተመሠረተውና በጽሑፉ ውበት የሚታወቀው ኦቶሞቢል ይገኝበታል። እንግሊዝ አገር ደግሞ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ የነበረው ኦቶ ትሬደር በ2000 እስከ 368,000 ቅጂ ይሸጥ የነበረ ሲሆን በ2013 ወደ 27,000 ወርዶ በዚያው ዓመት ሰኔ የወረቀቱን እትም ዘጋ። ኦቶ ትሬደር ግን አልሞተም፤ ወደ ድረ ገጽ ተዛውሮ እንዲያውም ከበፊቱ በለጸገ። መኪና መሸጫ ማስታወቂያ በስልክ ቢሆን ይሻላል፤ ፎቶው ይበዛል፣ ዋጋው ወዲያው ይታደሳል። በዚህ ቅሬታ የለኝም።

የኔ ቅሬታ ፈተናው ላይ ነው፤ ፈተና ገንዘብ ይጠይቃልና። የመለኪያ መሣሪያ፣ የተከራየ የሙከራ ሜዳ፣ የነዳጅ፣ የጎማ፣ የኢንሹራንስ፣ የባለሙያ ደመወዝ ያስፈልገዋል። ይህን ወጪ ይሸፍን የነበረው ማስታወቂያ ወደ ጉግልና ወደ ፌስቡክ ሄደ። ጥፋቱን ሁሉ በኢንተርኔት ላይ የሚያላክኩትን አሳታሚዎች ግን አላምናቸውም። ለማስታወቂያ ሰጪዎች «ይህን ያህል መቶ ሺህ አንባቢ አለን» ለማለት ሲሉ የዓመት ደንበኝነትን በአሥር ዶላር፣ ከሁለት የመደርደሪያ ቅጂዎች ዋጋ ባነሰ ገንዘብ፣ ሲቸበችቡ የኖሩት ራሳቸው ናቸው። አንባቢውን ለዓመታት «ይህ ነገር ዋጋ የለውም» ብለው ካስተማሩት በኋላ፣ ማስታወቂያው ሲሸሽ «ለምን አትከፍልም?» ብለው አኮረፉት። የማከፋፈያው ሰንሰለትም በዚያው ሰሞን ተበጣጠሰ። ቦርደርስ የተባለው የመጻሕፍት መደብር በ2011 እስከ መጨረሻው ተዘጋ፤ በ2014 ደግሞ በጊዜው የሞተር ትሬንድ ባለቤት የነበረው ሶርስ ኢንተርሊንክ የመጽሔት ማከፋፈያ ክንፉን ዘጋ። መጽሔት ቆሞ የሚገለጥበት መደርደሪያ ከጠፋ አዲስ አንባቢ ከየት ይመጣል?

በዚህ መሐል እኔ ደንበኛ የሆንኩበት አንድ መጽሔት (ስሙን ልተወው) ሳይነግረኝ የእትሞቹን ቁጥር ቀነሰ፤ የከፈልኩት ገንዘብ ግን አልቀነሰም። ጥቂት ቆይቶ ጨርሶ ሲዘጋ የቀረኝ ገንዘብ እንዲመለስልኝ ጠየቅሁ፤ ምላሹ ስለ ሌላ ዓይነት መኪና የሚጽፍ፣ ያልጠየቅሁት መጽሔት በፖስታ ሳጥኔ መገኘቱ ሆነ። ስልክ ደወልኩ፤ ማሽን አነጋገረኝ፤ ማሽኑ ወደ ድረ ገጽ መራኝ፤ ድረ ገጹ የደንበኝነት ቁጥሬን ጠየቀኝ፤ ቁጥሩ የሚገኘው ከእንግዲህ በማይታተመው መጽሔት ላስቲክ ላይ ነበር።

መጽሔቶቹ ቅዱሳን እንዳልነበሩ አውቃለሁ። ጋዜጠኞቹ በአምራቾች ወጪ እየተጓዙ፣ በአምራቾች ወጪ ሆቴል እያደሩ የሚጽፉ ነበሩ፤ ገጹን የሞላውም የእነዚያው አምራቾች ማስታወቂያ ነው። ከዚህ ነፃ ነኝ ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገረው ማስታወቂያ የማይቀበለውና የሚፈትናቸውን መኪኖች እንደማንኛውም ሸማች ከገበያ የሚገዛው ኮንሲውመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች መጽሔት ነው። ሞተር ትሬንድ የ1971 የዓመቱ ምርጥ መኪና ብሎ የሸለመው ሼቭሮሌት ቬጋን ነበር፤ መኪናው ሞተሩ በሙቀት በመበላሸትና አካሉ ቶሎ በመዛግ ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣ ሆነ። ይህን ዛሬ ልናገር የቻልኩት ግን ሽልማቱ ታትሞ ስለወጣ ነው። ያ እትም በአንድ ሰው ምድር ቤት፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አለ፤ ማንም ተነሥቶ ሊሰርዘው አይችልም። በድረ ገጽ ላይ የወጣ ውዳሴ ግን መኪናው ያሳፈረ ዕለት በጸጥታ ይታረማል፣ ወይም ሊንኩ ይሞታል፣ ወይም ጣቢያው ተሸጦ ሌላ ነገር ይሆናል። የመጽሔቶቹ ምትክ ይሆናል የተባለው ሞተር ትሬንድ ፕላስ የተሰኘ በክፍያ የሚታይ የቪዲዮ አገልግሎት ራሱ በ2024 ተዘግቷል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞተር ትሬንድን ኸርስት የተባለው ኩባንያ ገዛው፤ ካር ኤንድ ድራይቨርንና ሮድ ኤንድ ትራክን የያዘውም ይኸው ኩባንያ ነው። ለሰባ ዓመት ያህል እርስ በርስ እየተነታረኩ እኛን ሲጠቅሙ የኖሩ ተፎካካሪዎች ዛሬ ደመወዛቸውን ከአንድ ካዝና ይቀበላሉ። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያጋልጠዋል የሚለው ተስፋም በዚያው ተዳከመ።

የተረፉትም እየራቁን ነው። ሮድ ኤንድ ትራክ በወፍራም ወረቀት ታትሞ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ለእሽቅድምድም መኪና ሰብሳቢዎች የሚመች የቅንጦት ዕቃ ሆኗል። ውበቱን አልክድም። ሆኖም ያገለገለ ካምሪ ካገለገለ አኮርድ ጋር ለማወዳደር የሚፈልግ ሰው እዚያ ውስጥ ምን ያገኛል?

ይህ የአሜሪካኖች ችግር ብቻ ይመስለኝ ነበር። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ ግን አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ ጥያቄ በዝቶብኛል። «ጋሼ፣ ይህ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና እንዴት ነው? አንድ ጊዜ ቻርጅ ተደርጎ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላሉ» ይሉኛል። ማነው የሚላቸው? ሻጩ፣ በቲክቶክ። ወይም ደላላው፣ በቴሌግራም። የሚጠቅሱት ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሲ.ኤል.ቲ.ሲ. በሚባለው የቻይና መለኪያ የተገኘ ነው፤ ያ መለኪያ አዝጋሚውን የከተማ ጉዞ ስለሚያበዛ ባትሪውን ከእውነተኛው የአገር አቋራጭ ጉዞ ይልቅ አሳምሮ ያሳየዋል። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዳገትና ቁልቁለቷ የማያልቅ ከተማ ናት። የቤታቸውን ካርታ አስይዘው መኪና የሚገዙ ሰዎች ይህን የሚፈትንላቸው ገለልተኛ ወገን ሳያገኙ፣ በሻጩ ቃል ብቻ ያን ያህል ገንዘብ ሲያወጡ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የሚፈለገው ፈተና ደግሞ ያን ያህል የተራቀቀ አይደለም። አንድ ቡድን በገበያ ላይ ካሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች አራቱን ከሻጭ በውሰት ሳይሆን እንደማንኛውም ሰው ተከራይቶ፣ እኩል ሰውና እኩል ዕቃ ጭኖ፣ በአንድ ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ይንዳቸው። መንገዱ ዓባይ በረሃ ላይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ያንኑ ያህል ይወጣልና ባትሪንም ፍሬንንም የሚፈትን ከዚያ የተሻለ ሜዳ በገንዘብ አይሠራም። ከጎሃ ጽዮን ሲነሡ የእያንዳንዱ ባትሪ ስንት በመቶ ላይ ነበር? ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ስንት ሆነ? ዳገቱን ጨርሰው ደጀን ሲገቡስ? ውጤቱን ከነመኪናው ስም፣ ከነጎማው ዓይነት፣ ከነዕለቱ ሙቀት በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጦ፣ በወረቀት አትሞ የሚሸጥ ሰው ካለ የኔንና የዘመዶቼን ዋጋ አስቀድሜ እከፍላለሁ።