ነፃ ዋይፋይ ላይ ያለን እምነት ይብዛልን

የኛ ሰው ሚስጥር ጠባቂ ነው። ደመወዙን ለሚስቱ እንኳ ሙሉውን አይናገርም። ዕቁብ ሲወጣለት ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ኤቲኤም ፊት ሲቆም ከኋላው ያለውን ሰው በግልምጫ ብቻ ሁለት እርምጃ ያስመልሰዋል። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ግን ካፌው በር ላይ አራግፎ ይገባል። ገና ወንበር ሳይስብ «ዋይፋይ አላችሁ?» ይላል። ምን እንደሚጠጣ የሚያስበው ከተገናኘ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለ እምነት በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል? በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሮ የሚውለውን ልጅ እንኳ «ጎበዝ ተማሪ» ብሎ ይመርቀዋል። ክፉ ማሰብ ነውር ነዋ።

እኔ በተለይ የማደንቀው አመራረጡን ነው። ስልኩ ሁለት ዋይፋይ ያሳየዋል፤ ሁለቱም የካፌውን ስም ይዘዋል። አንዱ የቁልፍ ምልክት አለው፣ አንዱ ክፍት ነው። የቱን ይመርጣል? ክፍቱን እንጂ! በር ተከፍቶለት ማን ያንኳኳል? ለዋይፋይ ስም ለማውጣት ንግድ ፈቃድ አይጠየቅም። ጥግ ላይ የተቀመጠ ማንም ሰው የስልኩን ሆትስፖት በካፌው ስም ሊጠራው ይችላል። ስልካችንም ቢሆን ውለታ አይረሳም። አንዴ የገባበትን ክፍት ዋይፋይ ስም ይዞ ይቆይና ሌላ ሰፈር ያንኑ ስም ሲያገኝ፣ ባለቤቱን ሳያስቸግር ራሱ ሊገባ ይችላል። ባለቤቱ በዚያ ሰዓት የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው።

ከዚያ አንድ ገጽ ይመጣል። «እንኳን ደህና መጡ! ኢንተርኔት ለመጠቀም ኢሜይልዎንና የኢሜይልዎን ፓስዎርድ ያስገቡ።» የካፌው ሎጎ ተለጥጧል፣ ፊደሉ ተዛብቷል። ቀበሌ ፎርም ላይ የአያቱን ስም ሲጠየቅ «ለምን አስፈለገ?» ብሎ የሚሟገተው ሰውዬ፣ እዚህ ሲደርስ ጭምት ነው። የተጠየቀውን ሁሉ ይሞላል። ገጹ «ፓስዎርድዎ ትክክል አይደለም» ቢለው አይቀየምም፤ የፌስቡኩን ይሞክርለታል። እሱም ካልሆነ የባንኩን። ያለውን ሁሉ አቅርቦ «ብላ እንጂ፣ ምነው?» ማለት ብቻ ነው የቀረው።

ሟርተኞች ግን አርፈው አይቀመጡም፤ የድሮ ታሪክ ይጎትታሉ። በፈረንጆቹ 2010 ኤሪክ በትለር የተባለ ፕሮግራመር ፋየርሺፕ የሚባል፣ ፋየርፎክስ በተባለው የኢንተርኔት አሳሽ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም ለቀቀ። በክፍት ዋይፋይ ፌስቡክ ወይም ትዊተር የከፈተውን ሰው ስምና ፎቶ ይደረድርልሃል፤ ሁለቴ ጠቅ ስታደርግ በሰውዬው አካውንት ትገባለህ። ፓስዎርድ የለ፣ ምን የለ። በትለር ይህን ያደረገው ድረ ገጾቹን አሳፍሮ የሚላላኩትን መረጃ እንዲቆልፉ ለማስገደድ ነበር። ትልልቆቹ ቀስ በቀስ ሁሉን ነገር ወደ ኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም መንገድ ላይ ማንም እንዳያነበው ተቆልፎ ወደሚሄድ ግንኙነት፣ አዛወሩ። ዛሬ በደንብ የተሠራ የባንክ አፕ የሚልከውን ከአየር ላይ ጠልፎ ማንበብ ቀላል አይደለም።

እኛ ግን መላ አናጣም። አሳሹ በቀይ ምልክት «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም፤ መረጃህ ሊሰረቅ ይችላል» ብሎ ይጮኻል። «ተመለስ» የሚለው ቁልፍ የጣት ሦስት እጥፍ ሆኖ መሐል ላይ ተቀምጧል። የኛ ሰው እሱን አልፎ፣ ዝርዝሩን ከፍቶ፣ ከሥር በደቃቅ ፊደል የተደበቀውን «ቢሆንም ቀጥል» ያገኘዋል። የሐኪም ትእዛዝ ለማንበብ የልጁን መነጽር የሚለምን ሰው፣ ይቺን ያለ መነጽር ይደርስባታል።

ቆጣቢነታችንም ቢወራ አያልቅም። ባንክ አፕ ከፍቶ ብር ለመላክ የሚፈጀው የሞባይል ዳታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቢሆንም ከኪስ ነው! ስለዚህ የቤት ኪራዩን ባለቤቱን በማያውቀው ዋይፋይ ይልካል። የተረፈውን ዳታ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ቲክቶክ ያይበታል።

ሙገሳው ለደንበኛው ብቻ ከሆነ ባለ ካፌው ይቀየመኛል። ፓስዎርዱ ከካሸሯ ጀርባ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ላይ ቡና ፈሶበት ግማሹ ጠፍቷል። ግድ የለም፣ አስተናጋጇ በቃሏ ታውቀዋለች። «ከአንድ እስከ ስምንት» ትላለች፣ ቤቱ በሙሉ እንዲሰማ። ስምንት ድረስ የተሄደው ለጥንቃቄ እንዳይመስላችሁ። የዋይፋይ ፓስዎርድ ከስምንት ፊደል ካነሰ ራውተሩ (ዋይፋዩን የሚያከፋፍለው ሳጥን) አይቀበልም፤ ቢቀበልማ ከአንድ እስከ አራት በቂያችን ነበር። የራውተሩ የራሱ መግቢያ ደግሞ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ ስሙም አድሚን፣ ፓስዎርዱም አድሚን።

አንዱ ተንኮለኛ ጎረምሳ በዚያ በኩል ገብቶ የዋይፋዩን ስም «ማኪያቶው ውኃ ነው» ብሎ ቢቀይረው ባለቤቱ እንደሚናደድ የታወቀ ነው። ባለሙያ ያስጠራል። ባለሙያው ይመጣል፣ ግንባሩን ቋጥሮ ራውተሩን ያጠፋል፣ ያበራል፣ ገንዘቡን ይቀበላል። ከነገ ጀምሮ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ነው።