ታንኳውን የላክሁት እኔ ነኝ

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር። ሃያ ሰከንድ አይሞላም። ቦታው አምስተርዳም ነው። ባለ ቀስተ ደመና ጨርቅ የተንጠለጠለበት ጀልባ በከተማው ቦይ ላይ ያልፋል። ጀልባው ላይ ጥበብ ቀሚስ የለበሰች ሴት ወገቧ ላይ ታንኳ አጥልቃ እስክስታ ትወርዳለች። ታንኳው የኛው ነው። የደንገል፣ አፍንጫው ሽቅብ የተቀለበሰ፣ የጣና ታንኳ።

ከስሩ የተጻፈውን አንብቤ መጨረስ አልቻልኩም። ባህላችንን ሸጠችው ያለ አለ። አሳዳጊ የበደላት ያለ አለ። የቀረው እዚህ አይጻፍም። አንዱ ግን ቁም ነገር ጠይቋል፦ ታንኳውን ከየት አገኘችው?

ከባህር ዳር። የላክሁላት እኔ ነኝ።

የአክስቴ ልጅ ናት። ሆላንድ ከገባች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አረጋውያን መጦሪያ ቤት ትሠራለች። ግንቦት ላይ ደወለችና "ወንድምዬ፣ ታንኳ ላክልኝ" አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። የሥራ ባልደረቦቿ ለፕራይድ፣ ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ዓመታዊ ሰልፍ፣ ጀልባ ተከራይተዋል። ሁሉም የአገሩን ነገር ለብሶ ይምጣ ተባብለዋል። አንዷ የሱሪናም ልጅ የአያቷን የራስ ጥምጥም ልታስር ነው። "እኔስ ባህር ዳር ተወልጄ የጀልባ ሰልፍ ላይ ሌላ ምን ልሁን?" አለች። ቀጥላም "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ብላ ተረተችብኝ። በክረምት ምን ጥምቀት አለ ልላት ፈልጌ ተውኩት።

እሷ ራሷ እንዲያ ናት ወይ? ይህን እስካሁን ሦስት ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ጠይቆኛል። እኔ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃትና ብትነግረኝም እዚህ አልጽፈውም። የሚገርመኝ፣ ከዚህ ሌላ ጥያቄ ያለው ሰው አለመኖሩ ነው። ሰልፉ ምንድን ነው፣ መቼ ተጀመረ፣ ለምን በጀልባ ሆነ ያለኝ የለም።

እንግዲያው ሳልጠየቅ ልናገር። በ1969 እ.ኤ.አ.፣ በጁን ወር መጨረሻ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ስቶንዎል የሚባል መጠጥ ቤት ፖሊስ በሌሊት ገባበት። ደንበኞቹ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ነበሩ። መታፈስ አዲስ ነገር አልነበረም። የዚያን ሌሊት ግን እምቢ አሉ። ግርግሩ ለቀናት ቆየ። በዓመቱ ቀኑን አስበው በአደባባይ ተሰለፉ። መነሻው ይኸው ነው፣ ጭፈራ አይደለም። አምስተርዳም ደግሞ ከተማዋ ቦይ በቦይ ስለሆነች ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጀልባ አደረገችው። ኦገስት ሲገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰማንያ ያህል ጀልባ ይወጣል። የፖሊስ ጀልባ አለ፣ የወታደር አለ፣ የባንክ አለ። ባንክ ሲገባበት ነገሩ ማስታወቂያ ሆነ ብለው የሚያጉረመርሙ የዚያው አገር ሰዎችም አሉ። እኔም እዚያ ብኖር ሳላጉረመርም አልቀርም።

አለባበሱ ይከብደኛል። አልዋሽም። ላባው፣ ክንፉ፣ እርቃን ለመሆን ትንሽ የቀረው ጎረምሳ... ከእናቴ ጋር ቁጭ ብዬ የማየው አይደለም። የአክስቴ ልጅ ግን አንድ ነገር ነገረችኝ። በዚያው ከተማ፣ ቦዩ ዳር፣ ከሮዝ ድንጋይ የተሠራ መታሰቢያ አለ። በ1987 እ.ኤ.አ. ነው የተመረቀው። ሦስት ትልልቅ ሦስት ማዕዘኖች ናቸው። አንደኛው በደረጃ ወደ ውሃው ይወርዳል። ሦስት ማዕዘን የሆነው ናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ ውስጥ እንዲህ ያሉ ወንዶችን ሮዝ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ ልብሳቸው ላይ ስለሚያሰፉባቸው ነው። ሰው አይቶ እንዲለያቸው። ይህን ከሰማሁ በኋላ ላባውን የማይበት ዓይን ትንሽ ተለወጠ። ያኛው ተሰፍቶባቸው ነበር። ይኼኛውን ራሳቸው መርጠው ለበሱት።

ደግሞስ ልብስ ለውጦ መውጣት ለኛ እንግዳ ነገር ነው? የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎችን "ክሬዚ ዴይ" ያየ ያውቃል። ወንዱ ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ፣ ከንፈሩን ቀልሞ ይንጎራደዳል። ሰው በሳቅ ይፈርሳል። አብረነው ፎቶ እንነሳለን። ማታ ቀሚሱ ለእህቱ ይመለሳል፣ ቀልዱም ያልቃል። ስለዚህ የሚያስቆጣን ቀሚሱ አይደለም። የሚያስቆጣን የለበሰው ሰው "ቀልዴን አይደለም" ሲል ነው። ጥምቀትን እዚህ ውስጥ አላስገባም። ታቦት ሌላ ነው።

ወደ ታንኳው ልመለስ። ታንኳ የሚሠሩ አንድ አዛውንት አውቃለሁ። ሰፈራቸውን አልጽፍም። ነገደ ወይጦ ናቸው፣ ከጣና ዳር ታንኳ ሠሪዎቹ ሕዝብ። ስሄድ ደንገሉን መሬት ላይ አጋድመው፣ በጉልበታቸው ተጭነው እያሰሩ ነበር።

"ጋሼ፣ መሃሉ ክፍት የሆነ ታንኳ ይሠሩልኛል?"

"መሃሉ ክፍት?"

"አዎ። ሰው እንዲገባበት።"

"ይሰምጣላ!"

"ውሃ ላይ አይደለም። ሰው ነው የሚለብሰው።"

ገመዱን ለቀቅ አድርገው ቀና አሉ። "ታንኳ ይለበሳል እንዴ ልጄ?"

ግን ገባቸው። ከኔ በላይ ገባቸው። በሻንጣ መሄዱን ስነግራቸው ሁለት ነዶ ሊያደርጉት ወሰኑ፣ አንዱ ለቀኝ አንዱ ለግራ፣ እያንዳንዱ ክንድ ተኩል። ትከሻ እንዳይቆርጥ ቀጫጭኑን ደንገል መረጡ። ከፊትና ከኋላ እዚያ ሲደርስ የሚቋጠር ገመድ ተዉለት። አቋጣጠሩን ሦስት ጊዜ አሳዩኝ። በሦስተኛውም ስላልያዝኩት በስልኬ ቀርጬ ላክሁላት። ነዶዎቹ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ተጠቅልለው በሰው ሄዱ። "ታንኳህ በርበሬ በርበሬ ይሸታል" ብላ ጻፈችልኝ።

ሒሳብ ስከፍል ነው የጠየቁኝ። "ለምን ይሆን ግን?"

"ለበዓል ነው ጋሼ። እዚያ አገር የጀልባ በዓል አለ።"

ውሸት ነው አይባልም። እውነት ነው ማለትም ይከብዳል። ቶሎ ተሰናብቼ ወጣሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህቺ መልስ ናት። ታንኳ ተዋረደ ለሚሉት ግን አላፍርም። ታንኳውን የሚሠራውን ሰው መጠሪያ ስድብ አድርገን የኖርን እኛው ነን። ጉማሬ ይበላሉ ብለን ማዕድ ያልተጋራን እኛው ነን። ሙስሊም ነን ሲሉ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ራቃቸው። ደንገሉ ከከተማው ዳር እየሸሸ ነው። እምቦጭ ሐይቁን መውረር ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ድሮ ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣው ታንኳ ዛሬ ባለ ሞተሩን ጀልባ ሲያይ ዳር ይይዛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ ታንኳ ክብር የጻፈልን አልነበረም። አንዲት ሴት ወገቧ ላይ ስታጠልቀው ነው ክብሩ ትዝ ያለን።

ሕጉን አውቃለሁ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ይከለክላል። እኔም ሰልፉ በባህር ዳር ዘንባባዎች ስር ይለፍ እያልኩ አይደለም። አማኝ ነኝ፣ ያደግሁበትንም አልካድኩም። አልወደውም የሚል ሰው አልወደውም ይበል። መብቱ ነው። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ቲክቶክ ላይ የሆነውን እናስታውሳለን። የሰው ፎቶና ስም እየተለጠፈ "እነዚህ ናቸው" ይባል ነበር። ማን እውነት፣ ማን ሐሰት እንደሆነ የሚያጣራ አልነበረም። አሁንም ከዚያ ቪዲዮ ስር የልጅቷን ቤተሰብ ፈልጉ የሚል አይቻለሁ። ልጅቷ እዚያ ምንም አትሆንም። እናቷ ግን እዚህ ናት።

አክስቴ የቡና ሰው ናት። ቪዲዮው ከወጣ ወዲህ ስትጠራ የሚመጣው ቀንሷል። አንዷ ጎረቤት ታማለች ተባለ። ሌላዋ እንግዳ መጥቶባታል። አክስቴ ግን ስድስቱንም ሲኒ አጥባ ትደረድራለች። ባለፈው እሁድ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ሦስተኛው ተቀድቶ ሁለታችንም ምንም አላወራንም። ከዚያ "ቀሚሱን የሰፋሁላት እኔ ነኝ፣ አየኸው ጥለቱን?" አለችኝ። አየሁት አልኳት። ያምራል። እውነትም ያምራል።

ቅዳሜ ወደ አዛውንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ካፊያ ነበር። ደንገሉን ላስቲክ አልብሰውት ጥጉ ስር ተቀምጠዋል። "እህሳ" አሉኝ። ስልኬን ሰጠኋቸው። የምን ሰልፍ እንደሆነ ሳልሸፍን ነገርኳቸው። መጀመሪያውኑ መናገር ነበረብኝ፣ ይቅርታ አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። አዩት። ደግመው አዩት።

"እዚያም ይዘንባል?"

"ይዘንባል ጋሼ።"

ትንሽ ቆዩና "ስሜንም ቤቴንም እንዳታነሳ" አሉኝ። አላነሳም አልኩ። ስልኩን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ። አልሰጡኝም። ምስሉን በአውራ ጣታቸው አቁመው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

"የፊቱን ቋጠሮ ገልብጣ ነው ያሰረችው" አሉ። "ንገራት። እንዲህ ከሆነ ይፈታል።"