እንዲህ ያለ ጽናት የት ይገኛል?

ሰው ሁሉ ይሳሳታል። ያንኑ ስህተት በየዓመቱ፣ ወደዚያው ወገን አዘንብሎ፣ በሚያምር ሽፋን አሳትሞ ማቅረብ ግን ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነው። ስለዚህ የንጹሕ ኃይልን የነገ ዋጋ ለሚተነብዩልን ሊቃውንት ምስጋና ላቅርብ፤ እስካሁን ማንም አላመሰገናቸውማ።

ፓሪስ ካለው ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እንጀምር። በ2009 (ዓመቱን በፈረንጆቹ ልቁጠረው፤ ስህተቱም የነሱ ነው) በዓለም የተተከለው የፀሐይ ኃይል 23 ጊጋዋት ገደማ ነበር። ሊቃውንቱ ደመሩ፣ ቀነሱ፣ በ2030 244 ጊጋዋት ይደርሳል አሉ። ፀሐይ ግን ቀጠሮ አታውቅም፤ በ2016 ቁጥሩን አልፋው ሄደች። ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ቀመሩን ይመረምር ነበር። እነሱ የጨዋ ልጆች ናቸው፤ በየዓመቱ አዲሱን ቁጥር በክብር ተቀብለው፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን መስመር እንደገና ጋደም አደረጉት። አውከ ሁክስትራ የተባለ ኔዘርላንዳዊ ተመራማሪ መስመሮቹን ሰብስቦ በአንድ ወረቀት ላይ ሣላቸው፦ እውነተኛው ተከላ ሽቅብ ይወጣል፤ ከየዓመቱ ነጥብ ደግሞ አንዳንድ ትንበያ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ወደ ጎን ይዘረጋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉ ምቀኞች አይጠፉም። ሊቃውንቱን ብትጠይቃቸው ግን መልሱ ዝግጁ ነው፦ ትንበያ አይደለም፣ ፖሊሲው ባለበት ቢቀጥል የሚሆነውን ማሳያ ነው። እንግዲህ ያልተነበየ ሰው በምን ይከሰሳል?

በዋጋው በኩል ደግሞ ፍቅራቸው ያስቀናል። ኦክስፎርድ ያሉ ተመራማሪዎች በ2022 ባወጡት ጥናት ከ2010 እስከ 2020 የፀሐይ ኃይል ዋጋ በዓመት ስንት ይወርዳል የሚሉ 2,905 ግምቶችን አገላበጡ። አማካዩ 2.6 በመቶ፤ ከ6 በመቶ ያለፈ አንድም የለም። የሆነው 15 በመቶ ነው። ከ2,905 አንዱ እንኳ፣ እጁን ስቶት እንኳ፣ ወደ እውነቱ ዝር አላለም። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ አንድነት ከየት ይመጣል?

ምስጢሩ ወለሉ ላይ ነው። ብዙዎቹ ሞዴሎች ውስጥ ዋጋው ከዚህ በታች አይወርድም የሚል ወለል ይነጠፋል። የፀሐይ ፓነሉ ዋጋ ወለሉን ሰብሮ ይወርዳል። እነሱም አይቆጡም፤ ዝቅ አድርገው ሌላ ያነጥፉለታል። ቴዎዶር ራይት የተባለ የአውሮፕላን መሐንዲስ በ1936 የተመረተው ብዛት እጥፍ በሆነ ቁጥር ወጪው በተመሳሳይ መቶኛ እንደሚቀንስ ጽፎ ነበር፤ ለፓነል 20 በመቶ ገደማ ነው። ግን ይሄ በአንድ ገጽ ያልቃል። ለአንድ ገጽ ማን የአማካሪ ክፍያ ይከፍላል?

ትንበያ የሚባል ነገር ሁሉ ንፉግ እንዳይመስላችሁ። ለኒውክሌር ሲሆን እጁ ይፈታል። በ1954 የአሜሪካ አቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ሊቀመንበር ሉዊስ ስትራውስ፣ ልጆቻችን የሚያገኙት መብራት በቆጣሪ መለካት እስከማያስፈልገው ድረስ ይረክሳል ብለው ነበር። በአሜሪካዋ ጆርጂያ በ14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያልቃሉ የተባሉት ሁለት የቮግትል ኒውክሌር ጣቢያ ማብለያዎች ከ30 ቢሊዮን በላይ ፈጅተው በ2024 ተጠናቀቁ። ቆጣሪው ደህና ነው፤ ይዞራል።

የሚያሳዝኑት ሰንጠረዥ ያላነበቡት ናቸው። ፓኪስታኖች የመብራት ሂሳብ ቢያማርራቸው በ2024 ብቻ 17 ጊጋዋት ገደማ ፓነል ከቻይና አስገብተው በየጣሪያው ሰቀሉ፣ ገበሬውም የናፍጣ ፓምፑን ጣለ። ማንን አስፈቅደው?

የእኛም ነጋዴ ከነሱ አይሻልም። መርካቶ ሄዳችሁ የሶላር ፕሮፎርማ አስጽፉ፤ ግርጌው ላይ ዋጋው የሚያገለግለው ለ3 ቀን ብቻ ነው ይላችኋል። 3 ቀን! ሊቃውንቱ እኮ እስከ 2050 ያለውን ከነነጥቡ ጽፈው አስረክበውናል። ያን ጊዜ ቅሬታ ያለው ጡረታ በወጡበት ቤታቸው ሄዶ ሊያነጋግራቸው ይችላል።