ክርክር፦ ሐዋሳ ላይ ለሚቀረጽ ፊልምና ድራማ ከግብር ገንዘብ ይመለስ?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ «የሲዳማ ክልልና የሐዋሳ ከተማ አስተዳደር እዚሁ የሚሠሩ የአገር ውስጥ ፊልሞችንና የቴሌቪዥን ድራማዎችን በታክስ ማበረታቻ ይደግፉ።» ደግፈው የሚጽፉት የፊልም ፕሮዲዩሰር፣ ተቃውመው የሚጽፉት የሒሳብ ባለሙያና ኦዲተር ናቸው። ሁለቱም የሐዋሳ ነዋሪዎች ናቸው። በምሳሌነት የሚያነሷቸው የብር መጠኖች ለስሌት ያህል የተወሰዱ ናቸው።

ፕሮዲዩሰሩ፦

መጀመሪያ የማልጠይቀውን ልናገር። የግብር እፎይታ አልፈልግም። «ለሦስት ዓመት ከትርፍ ግብር ነፃ» የሚል ደብዳቤ ለፊልም ሠሪ ምንም አይፈይድለትም። አብዛኛው ፊልም ያወጣውን ከመለሰ ተመስገን ነው፤ ትርፍ ከሌለ ግብር የለም፤ ታዲያ ከምኑ ነፃ ልባል? ደግሞም ገንዘቡ የሚያስፈልገኝ ቀረጻ ላይ ሳለሁ ነው፤ ትርፍ መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው ግን ፊልሙ ታይቶ፣ ለጣቢያ ተሽጦ፣ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ ነው።

የምጠይቀው የወጪ ተመላሽ ነው፤ እዚህ ከተማ ውስጥ በሕጋዊ ደረሰኝ ካወጣሁት፣ ቫት ሳይታሰብ፣ 20 በመቶው ይመለስልኝ። በቁጥር ላሳይ። 35 ሰው ይዤ ለ14 ሌሊት ሐዋሳ ብቀርጽ ለአልጋ በ1,500 ብር ሒሳብ 735,000፣ ለምግብ በነፍስ ወከፍ በቀን 600 ብር 294,000፣ ለአራት መኪና በቀን 6,000 ብር 336,000፣ ለጄኔሬተርና ነዳጅ በቀን 9,000 ብር 126,000 ይወጣል። ከከተማው ለምቀጥራቸው ረዳቶችና ኤክስትራዎች (አጃቢ ተዋናዮች) 300,000፣ ለቤትና ለግቢ ኪራይ 200,000፣ ለሦስት ቀን ጀልባ 9,000 ጨምሩበት። ድምሩ 2,000,000 ብር ነው። ይህ ሁሉ የሚገባው በከተማው ባለ ሆቴል፣ ሹፌርና ጀልበኛ ኪስ ነው። ተመላሹ 400,000 ብር ይሆናል። ያ ገንዘብ ፊልሙ ሐዋሳ ይቀረጽ ወይስ ሐዋሳን ያስመሰለ የቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ይበቃል የሚለውን ጥያቄ ይፈታዋል። ቢሾፍቱ ለአዲስ አበባ ቅርብ ናት፤ ቡድኑ ማታ ቤቱ ገብቶ ያድራል፣ አልጋ የሚባል ወጪ የለም።

ሞሮኮ ለውጭ ቀራጮች በ20 በመቶ ጀምራ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 30 በመቶ አሳድጋዋለች። ካናዳ ለአገር ውስጥ ሥራ የምትሰጠው በሠራተኛ ክፍያ ላይ ተመሥርታ ነው፤ የክፍያውን 25 በመቶ፣ የሚታሰበው ክፍያ ደግሞ ከአጠቃላይ ወጪው 60 በመቶ ሳያልፍ። ስለዚህ ድጋፉ ከጠቅላላ ወጪ ከ15 በመቶ አይበልጥም። እኔ የጠየቅሁት ከፊልሙ ሙሉ ባጀት ሳይሆን እዚህ ከወጣው ብቻ ነው።

ኦዲተሯ፦

ጋሼ፣ እፎይታውን ራስዎ ስለጣሉት ግማሽ ሥራዬን አቀለሉልኝ። ወደ ቀረው ልግባ።

ተመላሹ ከየትኛው ካዝና ነው የሚወጣው? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ክልል በራሱ የሚያዝበት የግለሰብ ነጋዴዎች ግብር፣ የክልሉና የግል ድርጅት ሠራተኞች የደመወዝ ግብር፣ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና መሰል ገቢ ነው። የኩባንያ ትርፍ ግብር በአንቀጽ 98 የጋራ ነው። ጉምሩክ የፌዴራል ነው፤ የቫት አዋጅም የፌዴራል ነው። የእርስዎ ድርጅት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነና ንግድ ፈቃዱ የአዲስ አበባ ከሆነ፣ የሲዳማ ክልል ያልሰበሰበውን ግብር «መልስ» እየተባለ ነው። ስለዚህ የሚከፈለው ከዓመታዊ በጀት ነው፤ የጤና ጣቢያ መድኃኒት ከሚገዛበት በጀት።

አሁን በእርስዎ ቁጥር ልሂድ። 2,000,000 ብር የተቀበሉት ነጋዴዎች ሩቡን አተረፉ እንበል፤ 500,000 ብር። ከዚያ ላይ የመጨረሻውን ከፍተኛ ምጣኔ 35 በመቶ ብናስከፍል እንኳ 175,000 ብር ነው። የተመለሰልዎ 400,000። የ225,000 ብር ጉድለት አለ። ቫቱን አይጥቀሱብኝ፤ ባለ ሆቴሉ ለአንሶላና ለመሳሰለው የከፈለውን ቫት ቀንሶ ልዩነቱን ብቻ ነው የሚያስገባው።

ሁለተኛው ጉድለት የባሰ ነው። ከአሥር ቡድን ስድስቱ ያለማበረታቻም ይመጡ ነበር እንበል፤ ታሪኩ የሐዋሳ ስለሆነ ወይም ዋናው ተዋናይ ቤቱ እዚህ ስለሆነ። ለአሥሩም 4,000,000 ብር እንከፍላለን፤ በእኛ ገንዘብ ሐሳባቸውን የቀየሩት አራት ናቸው። አንዱ አዲስ ቡድን 1,000,000 ብር አስወጣን ማለት ነው፤ እሱ ከተማው ውስጥ የሚያወጣው 2,000,000 ሆኖ ሳለ። አሜሪካ ውስጥ ሚሺጋን እ.ኤ.አ. በ2008 እስከ 42 በመቶ ሰጥታ በ2015 የዘጋችው እንዲህ ያለ ስሌት ተቀምጦ ሲታይ ነው።

ከተማችንም ትምህርቱን ቤቷ ውስጥ አግኝታዋለች። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከነማበረታቻው ተከፈተ። በ2014 ዓ.ም. የአጎዋ ዕድል (ወደ አሜሪካ ገበያ ከቀረጥ ነፃ መግቢያው) ሲቋረጥ ግን የታክስ ማበረታቻ ብቻውን የለቀቁትን ኩባንያዎች አላስቀረም።

ፕሮዲዩሰሩ፦

እህቴ፣ የፓርኩ ምሳሌ እዚህ አይሠራም። እዚያ መሬቱ፣ ሼዱና መብራቱ ቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ ኩባንያው ሲሄድ ባዶ ሼድ ይቀራል። የእኔ ተመላሽ ግን የሚከፈለው ሆቴሉ ከተከፈለ በኋላ ነው። ካልመጣሁ አንድም ብር አይወጣም።

የ225,000ው ጉድለት ግን የዋዛ አይደለም፤ ሌላ ዓይነት ሥራን ካላሰብን በቀር። የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማን ውሰጂ። 26 ክፍል በአንድ ጊዜ ለመቅረጽ አራት ወር ይፈጃል። ፊልም 14 ቀን ሲቀረጽ ሙሉ ቡድኑን ከአዲስ አበባ ይዞ መምጣት ይሻለዋል፤ አራት ወር ሲሆን ግን ለ35 ሰው አልጋ መክፈል ያከስራል፤ የግድ ሜካፕ፣ አልባሳት፣ ላይት፣ ድምፅ ረዳትና ሹፌር ከዚሁ ይቀጠራል። የሚቀጠረው ሰው ደመወዝ ግብር ደግሞ ራስሽ እንዳልሽው የክልሉ ገቢ ነው። ስለዚህ 15 በመቶ ለአልጋና ለምግብ፣ 30 በመቶ ለአካባቢ ሠራተኛ ክፍያ ብለን እንለየው። ካሜራና ሌንስ ከአዲስ አበባ ተከራይቼ ባመጣ ዜሮ። ቅሬታ የለኝም፤ ያ ገንዘብ ሐዋሳ አልቀረም።

የሚሰናከለውንም ልናገር። ድራማ ቋሚ የመቅረጫ ቤት ይፈልጋል። እዚህ በርካሽ የሚገኘው ባዶ መጋዘን ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ክረምት ላይ ዝናብ ሲጥል ንግግር መቅዳት ያበቃል። በቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ፣ በላዩ ድምፅ የሚውጥ ወፍራም ንጣፍ፣ በግድግዳው ከባድ መጋረጃ ካልተደረገ፣ ድምፁን በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ እንደገና መቅዳት የግድ ነው፤ እሱም አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። ለእንዲህ ያለ ማሻሻያ የሚወጣው በተመላሹ ቢካተት ቤቱ ለሚቀጥለው ድራማም ይተርፋል።

ኦዲተሯ፦

የሠራተኛውን ሐሳብ እቀበላለሁ። ለድራማ ከፊልም ይልቅ ማድላቱንም እንዲሁ። አሁን የምጠይቀው ጊዜውን ነው። ተመላሽ ማለት በኋላ የሚመጣ ገንዘብ ነው፤ እርስዎ የሚቸግርዎ ግን ቀረጻ ላይ ነው። ክፍተቱን በምን ይሞሉታል? ባንክ «ክልሉ ይከፍለኛል» የሚል ወረቀት አይዝም፤ ቤት አምጣ ነው የሚለው። ከግለሰብ በዓመት 20 በመቶ ወለድ ተበድረው ተመላሹ ዘጠኝ ወር ቢቆይ፣ ከ400,000ው 60,000 ወለድ በላው። ደቡብ አፍሪካ ስንት ዓመት ስታሞግስ የኖረችው ተመላሽ ክፍያው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ፊልም ሠሪዎች አደባባይ ወጥተዋል። በጀቱ አስቀድሞ ካልተያዘ ቃል ብቻውን ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ ደረሰኝ። ጀልበኛው ደረሰኝ የለውም። ግቢውን ያከራየችው እናትም የላትም። የገቢ ግብር ሕጉ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ለሌለው አቅራቢ ከሚከፈለው ላይ ከፍ ያለ ግብር ተቀንሶ ይያዝ ይላል። እሺ ብሎ የሚያስቀንስ ጀልበኛ ያግኙልኝ። ስለዚህ ፕሮዳክሽን ማናጀሩ ሁሉንም ደረሰኝ ወዳለው ሆቴል ያዞረዋል፤ ወይም ከዚያ የከፋው ይመጣል። 1,500 ብር የነበረ አልጋ 2,500 ተብሎ ይቆረጣል። ልዩነቱ በ490 የአልጋ ሌሊት 490,000 ብር ነው፤ 20 በመቶው 98,000 ብር ነው፤ ለሁለት ይካፈሉታል። ያ እንዳይሆን የሚቆመው ማን ነው?

ፕሮዲዩሰሩ፦

ይህኛው መልስ አለው፤ በእኛ ሥራ ወረቀት አይጠፋም። በየማታው ኮል ሺት ይወጣል፤ ነገ ስንት ሰው፣ የትኛው ቦታ፣ በስንት ሰዓት የሚለው ስም በስም ተጽፎ። ኦዲተሩ ኮል ሺቱን ከሆቴሉ የእንግዳ መዝገብ ጋር ያስተያያል፤ 28 ሰው ጠርቼ 35 ምሳ ካስመዘገብኩ ወዲያው ይታያል። ክፍያ በባንክ ብቻ ይሁን። ለአልጋ፣ ለምግብና ለመኪና የዋጋ ጣሪያ ይቀመጥ፤ ከጣሪያው በላይ ደረሰኝ ባስቆርጥ ለትርፉ ተመላሽ አይታሰብበትም፤ ስለዚህ 2,500 ማለት ትርፍ የለውም። ራሴ ካለኝ ሌላ ድርጅት ዕቃ ብከራይ እሱም አይታሰብ። ጀልበኛውን በግዢ ማረጋገጫ ሰነድና በመታወቂያ ቁጥር፣ ከጠቅላላው 5 በመቶ ሳያልፍ፣ እንቀበለው።

ስለ ጊዜው፦ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ባጀቴን አስገብቼ ቅድመ ማረጋገጫ ልቀበል፤ ያኔውኑ ገንዘቡ ከዓመቱ በጀት በስሜ ይያዝ። ቀረጻ እንዳለቀ በኦዲተር ሪፖርት 40 በመቶው፣ ሥራው ለሕዝብ ሲቀርብ 60 በመቶው ይከፈል። የዓመቱ ጠቅላላ መጠን ሐምሌ 1 በጀት ሲጀምር ይታወቅ፤ ሲያልቅ ያልቃል።

ኦዲተሯ፦

ይህ ከመጀመሪያው በጣም የተሻለ ነው። ግን እኔ ክልሉን ባማክር መጀመሪያ ሌላ ነገር ነው የማስቀድመው። የራስዎን ቁጥር ልመልስልዎ። አልጋ፣ ምግብ፣ መኪናና ጄኔሬተር ብቻ ሲደመሩ 1,491,000 ብር ነው፤ ለ14 ሲካፈል ቡድኑ ቢሠራም ባይሠራም በቀን 106,500 ብር ይበላል። ሐይቁ ዳር ሊቀርጹ ቆመው የአንዱ ቢሮ ደብዳቤ ለሌላው ቢሮ ስላልደረሰ ሁለት ቀን ቢውሉ 213,000 ብር ሄደ፤ ከተመላሽዎ ከግማሽ በላይ። ሦስት ቀን ከሆነ 319,500። ከተማው ለአሞራ ገደል፣ ለታቦር ተራራ፣ ለመንገድና ለገበያ የሚሆን አንድ የፈቃድ መስኮት ከፍቶ በአምስት የሥራ ቀን መልስ ቢሰጥ፣ ለፖሊስ ጥበቃ የታወቀ ተመን ቢያወጣ፣ ያንኑ ያህል ረዳዎት፤ ከበጀት ግን ከአንድ ሠራተኛ ደመወዝ በላይ አላወጣም።

ገንዘብ የግድ ነው ከተባለም ምንጩ ራሱ ኢንዱስትሪው ቢሆን እመርጣለሁ። ፈረንሳይ ከሲኒማ ቲኬት 10.72 በመቶ ወስዳ ለፊልም ታውለዋለች።

ፕሮዲዩሰሩ፦

የፈቃዱን መስኮት ዛሬውኑ ክፈቱት፤ ከአንቺ ጋር እፈርማለሁ። ቢሾፍቱ ብሄድ ኖሮ የሚቀርልኝን የአልጋ ወጪ ግን መስኮቱ አይከፍልልኝም፤ ሁለቱ አይተካኩም። የቲኬቱ ነገር ለፓሪስ ነው። እዚህ ሰው ድራማ የሚያየው በዲሽና በስልኩ ነው፤ የሐዋሳን ቲኬት ሁሉ ብትሰበስቢ የአንድ ክፍል ኤዲቲንግ አይከፍልም። ከጣቢያ ማስታወቂያ እንውሰድ ብትዪኝ ደግሞ ወደ ፌዴራል ተመለስን።

አንድ ነገር ልጨምር። ገንዘቡ የክልሉ ከሆነ ክልሉ የራሱን ታሪክ ማየት ይፈልጋል፤ ተገቢ ነው። እንግሊዝ ከ35 ነጥብ 18 ላገኘ ፊልም ነው በሯን የምትከፍተው። በሲዳምኛ የተሠራ፣ ታሪኩ እዚህ የሆነ፣ ደራሲው ወይም ዋና ተዋናዩ ከዚህ የሆነ ተጨማሪ ነጥብ ያግኝ።

ኦዲተሯ፦

ነጥቡን ማን ይሰጣል? ስክሪፕት አንብቦ «ባህላችንን አላሳየም» የሚል ኮሚቴ ከተቀመጠ ማበረታቻው ሳንሱር ሆኖ ያርፋል። በወረቀት የሚቆጠረው ብቻ ይቆጠር፤ ቋንቋው፣ የቀረጻ ቀናት ብዛት፣ የቅጥር ውሎች። ስለ ይዘቱ አንድም ጥያቄ አይኑር።

በዚህ ከተስማሙ ለአንድ የበጀት ዓመት ብቻ፣ ለድራማ አስቀድሞ፣ ለአንድ ሥራ የተወሰነ ጣሪያ ተበጅቶ ይሞከር ብዬ እቀበላለሁ። ቅድመ ሁኔታዬ፦ በየሦስት ወሩ ማን ስንት እንደወሰደ፣ ስንት ሰው ለስንት ቀን እንደቀጠረ በከተማው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ማመልከቻው ላይም «ማበረታቻው ባይኖር የት ትቀርጹ ነበር?» የሚል ጥያቄ ይኑር፤ ከሌላ ከተማ የተወሰደ የዋጋ ማቅረቢያ ተያይዞ።

ፕሮዲዩሰሩ፦

የዋጋ ማቅረቢያውን አያይዛለሁ። ድምሩም ይለጠፍ። የእያንዳንዱ ተዋናይ ክፍያ ግን አይለጠፍም፤ ለኦዲተሩ ይታይ እንጂ ሰሌዳ ላይ ከወጣ በሚቀጥለው ድራማ ማንንም በዋጋ ማግባባት አልችልም።

ኦዲተሯ፦

ለተዋናዮቹ እሺ። ከክልሉ ገንዘብ 30 በመቶ የሚታሰብበት ረዳት ክፍያ ግን፣ ስሙ ቢቀር እንኳ፣ በሥራ ዓይነትና በቀን ይለጠፍ።