«ወራጅ አለ» ማለት ያቃተኝ ፍሬሽ

እናንተዬ፣ ዛሬም 4 ኪሎ ወረድኩ። መውረድ የነበረብኝ 5 ኪሎ፣ ሙዚየሙ ጋ ነው። ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ይዤ ጥጌን ይዣለሁ። 6 ኪሎ ስንደርስ በልቤ ልምምድ ጀመርኩ። «ወራጅ አለ። ወራጅ አለ።» ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ሌላ የሚወርድ ይኖር ይሆን ብዬ ዞር ዞር አልኩ። የለም። ሙዚየሙ በመስኮት አለፈኝ። 4 ኪሎ፣ የድል ሐውልቱ ጋ ሰው ሁሉ ሲወርድ እኔም ወረድኩና ዳገቱን በእግሬ ተያያዝኩት። አርፍጄ ክፍል ስገባ ደግሞ ክፍት የሚሆነው የፊት ወንበር ብቻ ነው። ሁሌም!

ሳቁ፣ ግዴለም። ግን ታክሲ ውስጥ ሁለት ቃል ማውጣት ያቃተው ልጅ ግቢ ገብቶ እንዴት እንደሚኖር አስባችሁታል?

የመጀመሪያው ቀን «ራሳችሁን አስተዋውቁ» ተባልን። ተራ በተራ፣ በእንግሊዝኛ። እኔ 31ኛ ነበርኩ። (አዎ፣ ቆጥሬያለሁ።) ከፊቴ የተናገሩትን የአንዱንም ስም አልሰማሁም፤ የራሴን እያጠናሁ ነበር። ስሜን እኮ ነው! ተራዬ ሲደርስ ስሜንና ሰፈሬን አቀላቅዬ «ማይ ኔም ኢዝ ሽሮ ሜዳ» አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ «ሽሮ» ነው የምባለው።

እኔ ግን እንዲህ ሆኜ ነው ያደግኩት። እንግዳ መጥቶ እጅ ሳስታጥብ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ ድምፁ እንኳ አይሰማም» ይባልልኝ ነበር። እማዬም «ዝም አይነቅዝም» ትላለች። ትምህርት ቤትም ቢሆን መምህር ሲወጣ የረባሽ ስም ጻፍ የሚባለው እኔ ነበርኩ። 12 ዓመት ሙሉ በዝምታዬ ስመሰገን ኖሬ ግቢ ስገባ ፓርቲሲፔሽን 10 ማርክ አለው ተባለ። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ተረት የሚሠራው ከ12ኛ ክፍል በኋላ ነው እንዴ? ቀደም ብሎ የሚነግረን ጠፋ?

ቋንቋውም አለ። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተማርን ይባላል። መጽሐፉ እንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው አማርኛ። አሁን ሎጂክ ክፍል ውስጥ መልሱን አውቀዋለሁ። በልቤ ተርጉሜ፣ «ኢዝ» ይሁን «ዋዝ» አጣርቼ እጄን ላነሳ ስል መምህሩ ሌላ ምዕራፍ ገብቷል።

ግሩፕ አሳይመንትንማ ተዉት። «ግሩፕ ያልገባ አለ?» ሲባል ሁሌ እኔ አለሁ። ያስገቡኛል፤ ከዚያ ጽሑፉን ሙሉ ሌሊት የምሠራው እኔ፣ ወጥቶ ፕሬዘንት የሚያደርገው ስላይዱን በር ላይ ያየው ልጅ። እሱ ይጨበጨብለታል። እኔ ከኋላው ቆሜ ስላይድ እቀይራለሁ።

ከሁሉም የባሰው ምሳ ነው። ልጆቹ እርጥብ ገዝተው «ና ብላ» ይሉኛል። «በልቻለሁ» እላለሁ። አልበላሁም! ሰፈር ቢሆን ይሄኔ «በሞቴ» ይባላል። እምቢ እላለሁ፣ እንደገና «በሞቴ» ይባላል፣ ሦስተኛው ላይ እቀመጣለሁ። ሥርዓቱ ይሄ ነው። እነዚህ ግን «እሺ» ብለው ይበላሉ። «እሺ» ምን ማለት ነው? ሰው «በልቻለሁ» ሲል እንዴት ይታመናል? ሆዴ እየጮኸ ስልኬን ስነካካ እቆያለሁ።

በዚህ ሁሉ መሃል አንዷ የክፍላችን ልጅ በቴሌግራም ምን ብላ ጻፈችልኝ መሰላችሁ? «መጀመሪያ ኩሩ መስለኸኝ ነበር።» ኩሩ! ሰላም ልበላት አልበላት እያልኩ ኮሪደር ላይ መንገድ ቀይሬ የምሄደው እኔ፣ ኩሩ! ለካ ስማቸውን የማላውቃቸው ልጆች ሁሉ «ይጀነናል» ይሉኛል። ሙዚየሙ ውስጥ ያለችው ድንቅነሽ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ሰው ሊያያት ይመጣል። ኩሩ ያላት የለም። እኔ አንድ ሴሚስተር ዝም ብል ስም ወጣልኝ።

ሰላም የማገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ስገባ ነው። ከ2014 ጀምሮ 4 ኪሎ ላይ ዝም ማለት ግዴታ የሆነበት ቦታ ተከፍቶልኛል። ሌላው ሲያንሾካሹክ «እሽሽ» ይባላል፤ እኔን የሚናገረኝ የለም። እዚያ እኔ ጎበዝ ነኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ አንዲት እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ዓይተው ነው መሰለኝ «ጸሎት ነው ልጄ?» አሉኝ። «አይ… ሙዚየሙ ጋ ልወርድ ነው» አልኩ። ቀና ብለው «ወራጅ አለ!» ሲሉ ታክሲው ቀጥ አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰዓቴን ጠብቄ ክፍል ገብቼ አላውቅም።

ረዳቱ ጋ የቀረ መልስ ነበረኝ፤ እሱን ግን ሳልጠይቅ ወረድኩ።