ከልብስ ሰፊው ደጅ የሚጠረገው ጨርቅ

አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስፌት ሲወዱ የኖሩ ሰዎችን ፍቅሩ እንዴት እንደያዛቸው ብትጠይቋቸው፣ ብዙዎቹ የሚያነሱት በልጅነታቸው እናት ወይም አያት የለቀቀችላቸውን የቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢት ነው። የስፌት መኪናው የሚመጣው በኋላ ነው። መጀመሪያ ማንም የማይሳሳለት እራፊ፣ መርፌና ክር፣ አጠገብ ተቀምጣ የምትሰፋ ትልቅ ሰው።

እኛ አገር ልጅ ወደ ስፌት የሚገባው በሌላ በር ነው። ልብስ ሰፊ ዘንድ ለሙያ የገባ ልጅ ቁልፍ ይተክላል፣ የሱሪ እግር ይዘመዝማል፣ ይተኩሳል፤ መቀስ ግን ቶሎ አይሰጠውም። ጨርቁ የደንበኛ ስለሆነ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተሳስቶ ቢቆርጥ ኪሳራው የባለቤቱ ነው። እህቶቹ ደግሞ የትራስ ልብስ ላይ «መልካም እንቅልፍ» ይጠልፋሉ፣ በኪሮሽ ዳንቴል ይሠራሉ። በዚህ መንገድ ስንት ባለሙያ ወጥቷል። የጎደለው እያበላሹ የሚማሩበት ጨርቅ ነው፤ እሱ ደግሞ በየልብስ ሰፊው ደጅ ማታ ማታ ተጠርጎ ይጣላል።

እንደኔ ከሆነ ከዚህ ጨርቅ ያራቀን ነውሩ ነው። ብጣሽ በብጣሽ ላይ እየተጣፈ የሚለበሰው ድሪቶ የድህነት ምልክት ሆኖ ስለኖረ፣ ጨርቅ የምትገጣጥም ልጅ እናቷን ብዙም ደስ አታሰኝም። አሜሪካኖች ክዊልት የሚሉት፣ ላዩ ከብጣሽ የተገጣጠመ፣ መሃሉ ጥጥ፣ ታቹ አንድ ወጥ ጨርቅ የሆነ የአልጋ ልብስም በችግር የተሠራበት ጊዜ አለ። አላባማ ውስጥ ጊዝ ቤንድ በምትባል መንደር፣ አያቶቻቸው በባርነት የኖሩ ጥቁር ሴቶች ያረጀ የሥራ ልብስ እየቆረጡ ይሰፉት ነበር። ሚዙሪ ፔትዌይ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሶቹን ቀድዳ አንድ ክዊልት ሠራች፤ እሱን እያሰበች ልትለብሰው። ልጇ አርሎንዚያም አብራት ሠርታለች። የመንደሪቱ ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ሂዩስተን በሚገኘው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ተሰቀሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር አወጣላቸው። ጨርቁ ያው አሮጌ ሱሪ ነው።

ልጅ ለማስጀመር ከዘጠኝ ካሬ የተሻለ አላውቅም። ጎንና ጎኑ 12 ሳ.ሜ. የሆነ ዘጠኝ ቁራጭ፣ አምስቱ ጠቆር፣ አራቱ ነጣ ያሉ። ጠርዙን 1 ሳ.ሜ. ገባ ብሎ ሦስት ሦስቱን በረድፍ መስፋት፣ ከዚያ ሦስቱን ረድፍ ማጋጠም፤ 32 በ32 ሳ.ሜ. የሆነ የትራስ ልብስ ፊት ይወጣል። ለትንሽ እጅ ክሩ ከ45 ሳ.ሜ. ባይበልጥ ይመረጣል፤ ሲረዝም ይወሳሰባል፣ በጨርቁ ውስጥ ሲመላለስም ይሳሳል። መቀሱ ድሩን ወይም ማጉን ተከትሎ ይሂድ። በሰያፍ የተቆረጠ ጠርዝ ይለጠጥና ካሬው ይጣመማል።

ጀማሪን ተስፋ የሚያስቆርጠው ረድፎቹ አልገጥም ሲሉ ነው። መንስኤው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። አንዱን ረድፍ በ1 ሳ.ሜ.፣ ቀጣዩን በ1.2 ሳ.ሜ. የሰፋ ልጅ፣ በአንድ መገጣጠሚያ ከሁለቱም ጨርቅ 2 ሚ.ሜ. ትርፍ ይበላል፤ በረድፉ ሁለት መገጣጠሚያ ስላለ ልዩነቱ 8 ሚ.ሜ. ይደርሳል። መፍትሔው ከመስፋት በፊት መስመሩን በእርሳስ ማስመር ነው። የአንዱን ረድፍ ስፌት ወደ ቀኝ፣ የሚቀጥለውን ወደ ግራ አስተኝቶ መተኮስም ማዕዘኖቹን ያገናኛል። ካውያው ይጫን እንጂ አይጎተት፤ ሲጎተት ጨርቁን ይለጥጠዋል። እንደ ቲሸርት የሚለጠጠው ጀርሲ ለጀማሪ አይሆንም። አዲስ የጥጥ ጨርቅ ሳይቆረጥ በፊት ይታጠብ፤ አለዚያ ሰው ሠራሽ ክር ካለበት ቴትሮን ጋር ሲሰፋ በመጀመሪያው እጥበት ጥጡ ብቻ ይኮማተርና ሥራው ይሸበሸባል።

ወደ ብርድ ልብስ ሲታደግ የመሃሉ ነገር ይመጣል። ጋቢ የሚያሞቀው በአራቱ ድርብ መካከል በሚይዘው አየር ነው፤ ክዊልት ይህን ለመሃሉ ጥጥ ትቶታል። ልቅ ባዘቶ ከሆነ በየ5 እስከ 7 ሳ.ሜ. ካልተሰፋ ሲታጠብ ተንከባሎ አንድ ጥግ ይከማቻል። ያረጀ ጋቢ ግን ሽመና ስለሆነ አይሸሽም፣ ለመሃል ግሩም ነው፤ ለታች አቡጀዲ ይበቃል። ሦስቱን ወጥሮ በየ10 ሳ.ሜ. በመርፌ ቁልፍ መያዝ፣ ስፌቱንም ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር መውሰድ ያስፈልጋል። ከዳር የጀመረ ሰው ትርፉን ጨርቅ መሃል ላይ ያገኘዋል።

እኔ ባለሁበት በውጭ አገር ሻንጣ ውስጥ የተቀመጡ፣ ለልጆቹ የጠበቡ የሐበሻ ቀሚሶች በየቤቱ አሉ። እነሱም ይሆናሉ፤ ግን የእጅ ሽመና ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ጠርዙ ቶሎ ይተረተራል። አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ፣ ከሥሩ ስስ የጥጥ ጨርቅ አድርጎ ሁለቱን እንደ አንድ መቁረጥ፣ ስፌቱን ወደ 1.5 ሳ.ሜ. ማስገባት ያዋጣል። ጥለቱ በሚያብረቀርቅ ክር የተሠራ ከሆነ የጋለ ካውያ ያኮማትረዋል፤ ከላዩ ጨርቅ ጣል አድርጎ በለብታ መተኮስ ነው።